የዛገ ብሎን በምን ይፈታ? ኦክሲ-አሲትሊንና ሌሎቹ አማራጮች ሲመዘኑ

የዛገ ብሎን እምቢ ሲል የብዙዎቻችን እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ረጅም መፍቻ ነው። እሱ ካልበቃ ጫፉ ላይ የብረት ቱቦ ይሰካል፣ በሰውነት ክብደት ይጫናል፣ በመጨረሻ አናቱ ተሞልጮ ክብ ይሆናል ወይም አንገቱ ቀጭ ይላል። እሳት ትዝ የሚለን ከዚህ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ እሳቱ ቢያላላውም መፍቻ የሚይዝበት ማዕዘን የለም። በምን እንደሚፈታ መወሰን ያለበት መፍቻው ከመነሳቱ በፊት ነው።

በእኔ ሚዛን የብሎኑ ውፍረትና የዝገቱ ብዛት ሁለተኛ ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ የሚታየው ከብሎኑ አንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ምን እንዳለ ነው፤ የነዳጅ መስመር፣ ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየም፣ ወይስ ባዶ ብረት ብቻ? የኦክሲ-አሲትሊን ቶርች (ኦክስጅንና አሲትሊን ጋዝ ቀላቅሎ የሚያነደው) ከሁሉም ኃይለኛው ነው፤ የሚመረጥባቸው ቦታዎች ግን ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሱ ናቸው።

ዝገት የሚይዘው እንዴት ነው?

ብረት ሲዝግ የሚፈጠረው ነገር ከመጀመሪያው ብረት የበለጠ ቦታ ይወስዳል። በብሎኑና በዳዶው (ብሎኑ ላይ በሚጠብቀው ባለቀዳዳ ብረት) ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ዝገቱ እዚያ ውስጥ አብጦ እንደ ሽብልቅ ይወጥራቸዋል። ለመፍታት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ዝገቱን መሰንጠቅና በስንጥቁ በኩል ማለስለሻ ማስገባት። ዘይት ሁለተኛውን ይሞክራል፣ ምት የመጀመሪያውን። ሙቀት ለሁለቱም መንገድ ይከፍታል።

ሙቀት ሲባል ታዲያ ዳዶው በጣም ይሰፋል ማለት አይደለም። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሰፋው ከሚሊዮን 12 እጅ ገደማ ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ዳዶ ከ20 ወደ 600 ዲግሪ ቢሞቅ ቀዳዳው የሚጨምረው 0.08 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት እንኳን አይሞላም። ይህቺም የምትጠቅመው ብሎኑ ቀዝቃዛ እያለ ዳዶው ብቻውን ከሞቀ ነው። ሁለቱ አብረው ከሞቁ አብረው ይሰፋሉ፣ ትርፉ ድካም ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀት ሰጪ መሣሪያዎችን ስናወዳድር ዋናው ጥያቄ «ስንት ዲግሪ ይደርሳል?» አይደለም፤ «ዳዶውን በስንት ሰከንድ፣ ሌላውን ሳይነካ ያሞቃል?» ነው።

ዘይት

ጊዜ ካለ ሁልጊዜ ከዚህ ይጀመራል። የወጣውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ሰርጎ ገብ ዘይት መርጨት፣ አናቱን በመዶሻ ቀለል አድርጎ መምታት፣ ትቶ መሄድ፣ በነጋታው መድገም። የሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጥርሱ ረጅም ከሆነና ዝገቱ ውስጥ ድረስ ከሞላ ግን ምርጡም ዘይት የሚደርሰው ጥቂት ጥርስ ድረስ ብቻ ነው።

አንድ ጣጣ አለው። ዛሬ የረጫችሁት ዘይት ነገ ቶርች ስታነሱ ነዳጅ ይሆናል። ከእሳት በፊት መጥረግ ግድ ነው። ለመጥረግ ብላችሁ ደግሞ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ እንዳትረጩ። የዚህ ዓይነቱ ፈሳሽ ትነት ከነበልባልና ከጋለ ብረት ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ሊፈጥር ይችላል። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ «ክሎር» (chlor) ያለበት ቃል ካያችሁ ያ ጣሳ እሳት ካለበት ሥራ ጋር አይገናኝም።

ምት

ኢምፓክት መፍቻ ዝገቱን የሚሰብረው በተከታታይ አጫጭር ምቶች ነው። ከኤም 12 (12 ሚሊ ሜትር ውፍረት) በላይ ለሆኑ ብሎኖች ጥሩ ነው። ኤም 6 እና ኤም 8 ላይ ግን ከዝገቱ በፊት ብሎኑ ይበጠሳል። ከመፍታት በፊት ትንሽ ወደ ማጥበቅ ማስነካት ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ዝገቱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሰነጠቅ መሰንጠቁ ነው። ባለስድስት ማዕዘን ኢምፓክት ሶኬት ተጠቀሙ፤ የተለመደው የእጅ ሶኬት በምት ሊፈነዳ ይችላል።

በእጅ የሚያዝ የፕሮፔን ቶርች

ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሲሊንደር መጎተት የለም። ፕሮፔን ከአየር ጋር ሲነድ ነበልባሉ 1,900 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ችግሩ ሙቀቱ በቀስታ መግባቱ ነው። ዳዶው እስኪግል ብሎኑም ይከተለዋል፤ ብሎኑ ወፍራም ብረት ውስጥ ከተቀበረ ደግሞ ሙቀቱን ዙሪያው ይጠጣዋል። እስከ ኤም 10 ላሉ፣ ውጭ ለተጋለጡ ዳዶዎች ይበቃል።

ደካማ ስለሆነ አደጋ የለውም ብሎ ማሰብ ግን ስህተት ነው። ነበልባሉ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ዳዶውን ዘልሎ ከኋላ ያለውን ይልሳል፤ ሥራው ስለሚረዝምም የሚልሰው ለረጅም ጊዜ ነው። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል። ካመለጠ የጥገና ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ይተኛል። አሲትሊን ከአየር በትንሹ ስለሚቀል እንደዚያ አይተኛም፤ እሱ ደግሞ ሌላ ባህርይ አለው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ኢንዳክሽን

ለመኪና ሥራ ከተጠየቅሁ፣ አቅሙ ላለው ሰው መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የመዳብ ጥቅል ዳዶው ላይ ይጠለቃል፣ አዝራሩ ይጫናል፣ ዳዶው ራሱ ከውስጥ መጋል ይጀምራል። ነበልባል የለም። የመካከለኛ መጠን ዳዶ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይቀላል፣ ሁለት ጣት ርቆ ያለው የጎማ ሽፋን ሳይነካ። ቅድም ያልነውን፣ ዳዶውን ብቻ ቶሎ ማሞቅን፣ በትክክል የሚያደርገው እሱ ነው።

ድክመቶቹን እንቁጠር። ጥቅሉ ዳዶውን መክበብ አለበት፤ ጉድጓድ ውስጥ የሰመጠ ወይም ግድግዳ የተጠጋ ብሎን ላይ አይገባም። ትልልቅ የሻንሲና የባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ብሎኖች ከአቅሙ በላይ ናቸው። የጥቅሉ መከላከያ ሽፋን እየተቃጠለ ስለሚያልቅ መለዋወጫ ይፈልጋል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ሊነካውም ሊጠጋውም አይገባም። እሳት የለውም ማለትም የጋለ ዳዶ ቤንዚን አያቀጣጥልም ማለት አይደለም፤ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) አጠገብ ይህም አይሠራም።

መቁረጥ

ብሎኑ ለማንኛውም የሚጣል ከሆነ ለምን ይለመናል? የማርሚታ (የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ) ብሎኖች ላይ ግማሽ ቀን ማጥፋት ትርጉም የለውም። ዳዶ ሰንጣቂ ካለ ዳዶውን ከፍሎ ይጥለዋል፤ ከሌለ ግራይንደር። የግራይንደር ፍንጣሪም እሳት መሆኑን አትርሱ፤ ሜትሮች ርቆ ይሄዳል።

ብሎኑ ከገጹ እኩል ከተበጠሰ ከሁሉም የሚሻለው በኤሌክትሪክ ብየዳ ዳዶ ጉቶው ላይ መበየድ ነው። የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ይሰብረዋል፣ አዲሱ ዳዶ ደግሞ መያዣ ይሆናል። የተበጠሰ ብሎን ውስጥ የሚገባው ጠንካራ ማውጫ ከተሰበረ የሚቀጥለው ትራፓኖ ስለማይበሳው፣ እሱን የመጨረሻ ምርጫ ባደርገው እመርጣለሁ።

ኦክሲ-አሲትሊን መቼ ያሸንፋል?

ነበልባሉ 3,100 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ግን ሙቀቱ ውስጠኛዋ ሾጣጣ ጫፍ ላይ መሰብሰቡ ነው። ስለዚህ ወፍራም ብረት ሙቀቱን ጠጥቶ ከመጨረሱ በፊት አንድ ቦታ ማጋል ይቻላል። የከባድ መኪና ሻንሲ፣ የባሌስትራ ብሎን፣ የእርሻና የግንባታ ማሽን፣ ወፍራም ካስት (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ውስጥ የተቀበረ ብሎን፤ እነዚህ የእሱ ሥራዎች ናቸው። ካልፈታም በዚያው ዕቃ የመቁረጫ ራስ ቀይሮ መጨረስ ይቻላል። ከላይ ካየናቸው ይህን የሚያደርግ ሌላ መሣሪያ የለም።

የራስ ምርጫ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለብሎን የሚበቃው ትንሽ የብየዳ ራስ ነው። ብዙ ቀዳዳ ያለው ትልቁ የማሞቂያ ራስ ዳዶውን ብቻ ሳይሆን አካባቢውን በሙሉ ያግላል፤ ሌላም ጉዳት አለው። አሲትሊን ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጠው ባለቀዳዳ ሙሊት ውስጥ ባለ አሴቶን ውስጥ ሟሙቶ ነው። በሰዓት ከይዘቱ አንድ ሰባተኛ በላይ ከተሳበ አሴቶኑ ከጋዙ ጋር ይወጣል። 7 ሜትር ኩብ የያዘ ሲሊንደር በሰዓት ከ1 ሜትር ኩብ በላይ ሊጠየቅ አይገባም ማለት ነው፤ ትልቅ የማሞቂያ ራስ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ለተከታታይ ሥራ ከዚያም ያነሰ መሳብ ይመከራል።

እሳት የማይነካቸው ቦታዎች

የቸርኬ ብሎን፣ ጎማው ቸርኬው ላይ እያለ በጭራሽ አይሞቅም። ይህን ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለው ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎችም የሚያደርጉት ስለሆነ ነው። የጋለ ቸርኬ የጎማውን የውስጥ ገጽ ያበስለዋል፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ይፈጠራል፣ ጎማው ይፈነዳል፤ አንዳንዴ ሥራው አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ። ነፋሱን ማስተንፈስ አያድንም። ወይ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል፣ ወይ እሳት አይነሳም።

ሰልባትዮ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦ፣ አሞርዛተር፣ የጋዝ ድጋፍ፣ ኤርባግ፣ የታሸገ ማንኛውም በርሜል ወይም ሳጥን ብረት፤ እነዚህ አጠገብ ቶርች የለም። ባዶ ነው የተባለ ሰልባትዮ በውስጡ ባለው ትነት ምክንያት ከሞላው ይልቅ ይፈነዳል። ኩሽኔታና የጎማ ቡሽ ካለ ደግሞ መለዋወጫቸውን ሳትገዙ አትጀምሩ።

ሽፋኑንም ተመልከቱ። ዚንክ የተነከረ ብሎን ሲግል ነጭ ጭስ ይወጣዋል፤ የተነፈሰው ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ካድሚየም የተቀባ አሮጌ ብሎን ጭሱ ይገድላል። የሽፋኑን ዓይነት ካላወቃችሁ እሳቱን ተዉት።

አሉሚኒየም ሌላ ወጥመድ ነው። በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከመቅለጡ በፊት ግን አይቀላም፤ ሲያዩት ቀዝቃዛ የመሰለው አካል በአንድ ጊዜ ይንዠረገጋል። ካስት ብረት ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ ቶሎ ሲሞቅ ወይም ውኃ ሲደፋበት ይሰነጠቃል።

አናታቸው ላይ 8.8፣ 10.9 ወይም 12.9 የተጻፈባቸው ብሎኖች ጥንካሬያቸውን ያገኙት በሙቀት ሕክምና ነው፤ የ8.8 እና የ10.9 ዝቅተኛው የማስታገሻ ሙቀት 425 ዲግሪ ነው። ቀይ ሆኖ የታየ ብሎን ይህን አልፏል። ቢፈታም ይጣላል፤ መሪና ፍሬን ላይ ደግሞ ብሎኑ ያለበት አካል ራሱ ሞቆ ከሆነ እሱም ይጣላል።

ዕቃውን ስለመያዝ

የአሲትሊን ሲሊንደር ቆሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ ይሠራል። ተጋድሞ ከመጣ አቁሞ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ማቆየት፣ አሴቶኑ እንዲረጋ። የአሲትሊን የሥራ ግፊት ከ1 ባር (15 ፒ.ኤስ.አይ) አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ጋዙ ኦክስጅን ሳያገኝ ራሱን ሊያፈነዳ ይችላል። ለብሎን ሥራ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይበቃል። ግፊት መጨመር ሥራ አያፈጥንም። አሲትሊን በአየር ውስጥ ከ2.5 በመቶ ጀምሮ ይቀጣጠላል፣ የሚቀጣጠልበት ልክም እስከ 80 በመቶ ይዘልቃል፤ «ትንሽ ነው ያመለጠው» የሚባል ነገር የለም። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ፈትሹ። ከንጹሕ መዳብ የተሠራ መገጣጠሚያም በአሲትሊን መስመር ላይ አይገባም፣ የሚፈነዳ ውህድ ይፈጥራል።

የኦክስጅኑ ጠላት ዘይትና ግሪስ ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ግሪስ ላይ ሲደርስ ግሪሱ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ግሪስ የያዘ ጓንት ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) አይነካም፣ ጥርሱም በዘይት አይቀባም። በኦክስጅን ልብስ ማራገፍም ያው ነው፤ ልብሱ ውስጥ የተጠራቀመው ኦክስጅን አንዲት ፍንጣሪ ስታገኝ ጨርቁ ቦግ ይላል።

የአሲትሊን መገጣጠሚያ የግራ ጥርስ ነው፣ ዳዶውም ላይ ጭረት አለው፤ የኦክስጅኑ የቀኝ። ፍላሽባክ አሬስተር (እሳት ወደ ኋላ ወደ ሲሊንደሩ እንዳይሄድ የሚያግድ ዕቃ) በሁለቱም መስመር ላይ ካልተገጠመ ዕቃው አልተሟላም ብላችሁ ቁጠሩት።

አሠራሩ

አካባቢውን ከሚቀጣጠል ነገር አጽዱ፤ የተለመደው ልክ 11 ሜትር ነው፣ ማንሳት የማይቻለው በእሳት ጨርቅ ይሸፈናል። ማጥፊያ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ አየር የሚዘዋወርበት ክፍል፣ ቁጥር 5 የብየዳ መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ ጥጥ ወይም ቆዳ ልብስ። ናይሎን ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱሪው ከጫማው ውጭ ይውረድ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ከሆነ የምትሠሩት፣ የቀለጠ የብረት ጠብታ የሚወርደው ደረታችሁ ላይ ነው፤ ቦታ ቀይሩ።

የሬጉሌተሩ ማስተካከያ ላልቶ እያለ፣ ፊት ለፊቱ ሳትቆሙ ሲሊንደሩን በቀስታ ክፈቱ። አሲትሊኑ ከአንድ ዙር ተኩል አያልፍም፣ ቁልፉም እላዩ ላይ ይቀመጣል፤ በድንገት ለመዝጋት። ኦክስጅኑ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ሁለቱንም ቱቦ ተራ በተራ አስተንፍሱ። መጀመሪያ አሲትሊን ትንሽ ከፍታችሁ በድንጋይ ማቀጣጠያ ለኩሱ፤ የሲጋራ ላይተር ጣት አጠገብ የሚፈነዳ ጋዝ ነው። ጥቁሩ ጥላሸት እስኪጠፋ አሲትሊን ጨምሩ፣ ከዚያ ኦክስጅኑን በቀስታ። ነጯ ላባ እያጠረች ሄዳ ከውስጠኛዋ ሾጣጣ ጋር ስትገጥም ነበልባሉ ሚዛናዊ ነው። እዚያ ላይ አቁሙ።

አሁን ዳዶው። የሾጣጣዋን ጫፍ ከብረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር አርቃችሁ፣ የዳዶውን ስድስት ጎን እየዞራችሁ አሙቁ፤ የብሎኑን ጫፍ አትንኩ። ቀለሙ መጀመሪያ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ደብዛዛ ቀይ ይመጣል። በጠራራ ፀሐይ ይህ ቀይ አይታይም፤ ጥላ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ሳታውቁት ወደ ብርቱካናማ ታደርሱታላችሁ፤ ያኔ ዳዶው ስለለሰለሰ መፍቻው ማዕዘኑን ይበላዋል። ደብዛዛ ቀይ ላይ ቶርቹን አጥፍታችሁ ወይም ማስቀመጫው ላይ አድርጋችሁ ወዲያው መፍቻ ጣሉበት። ሲሰጥ አጭር የመንጫጨት ድምፅ ይሰማል። ሩብ ዙር ፍቱ፣ መልሱ፣ እንደገና ፍቱ። አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሷል ብሎ ሙሉውን መጎተት የተፈታውን ብሎን የሚበጥስ ስህተት ነው።

ብሎኑ ዳዶ ከሌለውና ወፍራም ብረት ውስጥ ከገባ፣ የሚሞቀው ዙሪያው ያለው ብረት ነው። ያ የማይመች ከሆነ ተቃራኒው ይሞከራል። የብሎኑ አናት ይሞቃል፣ ሲሰፋ ዝገቱን ይደቁሳል፣ ሲቀዘቅዝ ክፍተት ይተዋል። ቀይነቱ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሻማ ጥርሱ ሥር ሲነካ ሰሙ ቀልጦ ወደ ውስጥ ይሳባል። ቀይ እያለ ከነካችሁት ይቀጣጠላል። በጋለ ብረት ላይ የሚረጭ ዘይትም ተቀጣጥሎ እሳቱ እስከ ጣሳው ሊደርስ ይችላል፤ እኔ ለዚህ ነው ሰም የምመርጠው። በውኃ ማቀዝቀዝ አያስፈልግም፤ ብሎኑን ተሰባሪ ሊያደርገው፣ ካስቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ቶርቹ ውስጥ ፉጨት ከተሰማና ነበልባሉ ከተሰወረ እሳቱ ወደ ኋላ ሄዷል። ቶርቹ ላይ መጀመሪያ ኦክስጅኑን፣ ቀጥሎ አሲትሊኑን፣ ከዚያ ሁለቱንም ሲሊንደሮች ዝጉ። ምክንያቱ ሳይገኝ፣ ቱቦውና አሬስተሩም ሳይፈተሹ እንደገና አይለኮስም። በተለመደው አዘጋግ አምራቹ ያዘዘውን ቅደም ተከተል ተከተሉ፤ ከሲሊንደሮቹ በኋላ መስመሮቹን አስተንፍሱና የሬጉሌተሮቹ ማስተካከያዎች እንዲላሉ አድርጉ።

ብሎኑ ወጣ ተብሎ ቦታው አይለቀቅም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይጠበቃል፤ ከታች የተቀባ ጥቁር ሽፋንና የሞላ አቧራ ውስጥ እሳት ተደብቆ ይቆያል። አዲሱን ብሎን ስትመልሱ የመዳብ ቅባት ከቀባችሁት ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠቅማል፤ የተቀባ ጥርስ ግን በተመሳሳይ ማጥበቂያ ቁጥር የበለጠ ይወጠራል። የመመሪያው ቁጥር ለደረቅ ጥርስ ከሆነ፣ አምራቹ ለተቀባ ጥርስ የሚሰጠውን ዝቅ ያለ ቁጥር ፈልጉ።